የቀኝ ቅርንጫፍ ብሎክን በኢሲጂ ላይ ሳይሳሳቱ ማንበብ፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

በተለምዶ ራይት ባንድል ብራንች ብሎክ የሚባለው የልብ የቀኝ ቅርንጫፍ ብሎክ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ መልእክት የሚያደርሰው የቀኝ መስመር መቋረጥ፣ በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው) ወረቀት ላይ ደጋግሞ የሚታይ ግኝት ሆኖ ሳለ ደጋግሞ በስሕተት ይነበባል። ስሕተቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ አንባቢው በቪ1 ሊድ ላይ ሁለት ጫፍ ሲያይ ሌሎቹን ሊዶች (ልብን ከተለያየ አቅጣጫ የሚያሳዩትን መስመሮች) ሳይመለከት ይደመድማል። ሁለተኛው፣ ግኝቱን በትክክል ያነበበው ሰው ለታካሚው «ልብዎ ላይ መዘጋት አለ» ይለዋል፤ ታካሚውም የደም ሥሩ የተዘጋ መስሎት ተጨንቆ ይሄዳል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ኢሲጂ ለሚያነሡ ነርሶች፣ ለጤና መኮንኖች፣ ለኢንተርን ሐኪሞችና ለተማሪዎች ነው። ውጤቱን በእጅዎ የያዙ ታካሚ ከሆኑ ግን ደረጃ 8ን እና ደረጃ 9ን ያንብቡ፤ የቀረውን ለሐኪምዎ ይተዉት።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የዘገየው የትኛው ነው?

የልብ የኤሌክትሪክ መልእክት ከላይ ተነሥቶ ሂስ ጥቅል ወደሚባለው ማስተላለፊያ ይወርድና ለሁለት ይከፈላል። የግራው ቅርንጫፍ ወዲያው የፊትና የኋላ ንዑስ ቅርንጫፎች ያወጣል። የቀኙ ግን ቀጭንና ረዥም ሆኖ፣ ሁለቱን ቬንትሪክሎች (የታችኛዎቹን የልብ ክፍሎች) በሚለየው ግድግዳ በቀኝ በኩል ወርዶ፣ የቀኝ ቬንትሪክልን አቋርጦ ይሄዳል። ቀጭንና ረዥም መሆኑ በቀላሉ እንዲጎዳ ያደርገዋል፤ በቀኝ ልብ ውስጥ የሚገባ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ሲነካው እንኳ ለጊዜው ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

ቬንትሪክሎቹ የሚነቁት በሦስት እርምጃ ነው። መጀመሪያ መካከለኛው ግድግዳ ከግራ ወደ ቀኝ ይነቃል፤ ቀጥሎ ትልቁ የግራ ቬንትሪክል ይነቃል፤ የቀኙ ቅርንጫፍ ሲቋረጥ ደግሞ የቀኝ ቬንትሪክል መልእክቱን በጡንቻ በኩል ከግራው እየተቀበለ ዘግይቶ ይነቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እርምጃዎች አይለወጡም። የተበላሸው ቬንትሪክሎቹ ሲነቁ የሚመዘገበው ሞገድ፣ የኪውአርኤስ፣ መጨረሻ ብቻ ነው (ወደ ላይ የሚወጣው ጫፍ አር፣ ከአር በፊት የሚወርደው ኪው፣ ከአር በኋላ የሚወርደው ኤስ ይባላል)። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚወጡ ስለሆኑ፣ አንድ መስፈርት ሲጠፋብዎ ወደዚህ ተመልሰው ራስዎ ሊያወጡት ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱን ይፈትሹ

1. የወረቀቱን ፍጥነት ይመልከቱ። በሰከንድ 25 ሚሊሜትር ከሆነ ትንሿ ካሬ 40 ሚሊሰከንድ፣ ትልቋ ካሬ 200 ሚሊሰከንድ ናት። ማሽኑ በስሕተት በ50 ተስተካክሎ ከሆነ ጤናማው ኪውአርኤስ ሁሉ ሰፊ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ትንሿ ካሬ 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ናት።
2. ለአንድ ሚሊቮልት 10 ሚሊሜትር ከፍታ መኖሩን በመለኪያው ምልክት ያረጋግጡ።
3. የታካሚውን ዕድሜ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመጣበትን ምክንያት በወረቀቱ ላይ በእጅዎ ይጻፉ። «የደረት ሕመም ከሁለት ሰዓት ጀምሮ» የሚል አንድ መስመር የንባቡን ትርጉም ፈጽሞ ይለውጠዋል።
4. የቀድሞ ኢሲጂ እንዳለ ይጠይቁ። ታካሚው «የለኝም» ቢልም ቤተሰቡን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ ፌስታል ውስጥ ከራጅና ከላቦራቶሪ ወረቀት ጋር ተቀምጦ ይገኛል።

ደረጃ 2፦ ኤሌክትሮዶቹን በቦታቸው ያስቀምጡ

በዚህ ደረጃ የሚሠራ ስሕተት በኋላ በየትኛውም ብልሃት አይታረምም። ቪ1 እና ቪ2 ከቦታቸው ከፍ ብለው ሲቀመጡ፣ ምንም ችግር በሌለበት ሰው ላይ ሁለተኛ ትንሽ ጫፍ ይፈጥራሉ።

1. ጣትዎን ከጉሮሮ ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ በፍርምባ አጥንት ላይ ወደ ታች ያንሸራትቱ፤ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ሲወርዱ አግድም ያለ ጉብታ ያገኛሉ።
2. ከጉብታው ጎን ያለው ሁለተኛው የጎድን አጥንት ነው። ከሥሩ ያለው ክፍተት ሁለተኛው ስለሆነ፣ ከዚያ ሦስተኛውንና አራተኛውን ክፍተት በጣትዎ እየቆጠሩ ይውረዱ።
3. ቪ1ን በአራተኛው ክፍተት ከፍርምባው በስተቀኝ፣ ቪ2ን በዚያው ክፍተት በስተግራ ያስቀምጡ።
4. ቪ4ን በአምስተኛው ክፍተት፣ ከአንገት አጥንቱ መሐል ቀጥ ብሎ በሚወርደው መስመር ላይ ያድርጉ፤ ቪ3ን በቪ2 እና በቪ4 መካከል ያስገቡ። ቪ5 እና ቪ6 በቪ4 ቁመት ወደ ብብት በኩል ይቀጥላሉ።

የጡት ጫፍን መለኪያ አያድርጉ፤ ቦታው ከሰው ሰው ይለያያል። ታካሚዋ ሴት ከሆነች አስቀድመው ያስረዱ፣ መጋረጃ ይሳቡ፣ የሚሸፍናትን ጨርቅ ያቅርቡ። በኀፍረት ተቻኩሎ ከልብስ በላይ የሚገመት ቦታ ለቪ1 እና ለቪ2 ከፍ ማለት ዋነኛ ምክንያት ነው።

*ስሕተት መኖሩ ካጠራጠረዎ፦* በቪ1 እና በቪ2 ያለው የፒ ሞገድ (የላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች ሲነቁ የሚታየው) ሙሉ በሙሉ ወደ ታች የዞረ ከሆነና ቅርጹ ኤቪአር በተባለው ሊድ ያለውን የሚመስል ከሆነ ኤሌክትሮዶቹ ከፍ ብለዋል። አንሥተው በትክክለኛው ክፍተት ይድገሙት። ሁለተኛው ጫፍ ከጠፋ ጉዳዩ እዚያው አልቋል፤ የመጀመሪያውን ወረቀት ከካርዱ ጋር አያያይዙ።

ደረጃ 3፦ የኪውአርኤስን ስፋት በእጅዎ ይለኩ

ስፋቱ ሳይለካ ስለ ቅርጽ አይነጋገሩ። ኪውአርኤስ ይበልጥ ሰፊ ሆኖ መነሻውና መድረሻው በግልጽ የሚታይበትን ሊድ ይምረጡ። ብዙዎች በቪ6 ሲለኩ ረዥሙን የአር ጫፍ ብቻ ይለኩና ከኋላው ተዳፍኖ የሚጎተተውን ኤስ ይተዉታል፤ በዚህም 130 የነበረው 100 ይሆናል።

- 120 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ፣ ማለትም ሦስት ትንንሽ ካሬና ከዚያ በላይ፦ ሙሉ ብሎክ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ደረጃ 4 ይለፉ።
- ከ110 እስከ 119፦ ቅርጹ ከተሟላ «ያልተሟላ የቀኝ ቅርንጫፍ ብሎክ» ይባላል።
- ከ110 በታች ሆኖ በቪ1 ሁለት ጫፍ ቢኖር፦ ብሎክ ብለው አይጻፉ። በወጣቶችና በስፖርተኞች ላይ ይህ ዓይነቱ ቅርጽ ብዙ ጊዜ ጤናማ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የአዋቂዎች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 16 ዓመት ለሆኑ ልጆች ከ100 በላይ፣ ከ4 ዓመት በታች ለሆኑት ከ90 በላይ እንደ ሰፊ ይቆጠራል።

ማሽኑ የሚያትመውን ቁጥር እንደ ጥቆማ ይውሰዱት እንጂ ፊርማዎን በእሱ ላይ አያኑሩ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ኪውአርኤስ በጣም ሰፍቶ፣ ቅርጹ የቀኙንም የግራውንም ብሎክ በደንብ የማይመስል ከሆነ፣ በተለይ ከኪውአርኤስ በኋላ የሚመጣው የቲ ሞገድ ሾጣጣና ረዥም ሆኖ ታካሚው የኩላሊት ሕመም ካለበት፣ የደም ፖታሲየም መጨመርን ያስቡ። ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ብሎክ መሆን አለመሆኑን እየተከራከሩ አይቆዩ፣ የላቦራቶሪ ውጤትም ሳይጠብቁ ኃላፊውን ሐኪም ይጥሩ።

ደረጃ 4፦ ቪ1ን ያንብቡ

የተለመደው ቅርጽ እንዲህ ነው፦ ትንሽ አር፣ ከእሱ ቀጥሎ ወደ ታች የሚወርድ ኤስ፣ ከዚያም ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ጊዜ ሰፊና ረዥም የሆነ ሁለተኛ አር። ሁለቱ ጫፎች በባለሙያዎች ዘንድ የጥንቸል ጆሮ ይባላሉ። ሁለተኛው ጆሮ የቀኝ ቬንትሪክል ዘግይቶ የመጣ ድምፅ ነው ብለው ያስቡት።

ቅርጹ ሁልጊዜ እንደ መማሪያ መጽሐፉ አይወጣም፦

- መካከለኛው ኤስ ጠፍቶ አንድ ሰፊ አር ብቻ ከታየ፣ ከኪውአርኤስ መነሻ እስከ አር ጫፍ ያለውን ጊዜ ይለኩ። ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ ከብሎኩ ጋር ይስማማል።
- የመጀመሪያዋ ትንሽ አር ጠፍታ በኪው የሚጀምር ከሆነ፣ ይህ በቀኝ ቅርንጫፍ ብሎክ ብቻ አይገለጽም፤ የመጀመሪያው እርምጃ አይለወጥም ብለናልና። የግድግዳው የልብ ጡንቻ ሞት ወይም የቀኝ ቬንትሪክል ጫና መኖሩን ይፈልጉ።
- የግራው ጆሮ ከቀኙ ከረዘመ፣ በተለይ ልቡ በፍጥነት እየመታ ከሆነ፣ ይቁሙ። ይህ ከቬንትሪክል የሚነሣ አደገኛ ፈጣን ምት ሊሆን ይችላል። ሰፊ ኪውአርኤስ ያለውን ፈጣን ምት ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ ይያዙት።

ደረጃ 5፦ ሊድ 1ን እና ቪ6ን ሳያዩ አይፈርሙ

አብዛኛው የተሳሳተ ንባብ የሚወለደው ይህ ደረጃ ሲዘለል ነው። የቀኝ ቬንትሪክል ዘግይቶ የሚነቃው ወደ ቀኝና ወደ ፊት ስለሆነ፣ በቪ1 ወደ ላይ የወጣው ሁሉ በግራ በኩል ካሉት ሊዶች ሲታይ ወደ ታች መውረድ አለበት። ስለዚህ በሊድ 1 እና በቪ6 ላይ ሰፊ፣ ዝግ ብሎ የሚጎተት ኤስ ይፈልጉ፤ የኤሱ ስፋት ከ40 ሚሊሰከንድ በላይ ወይም በዚያው ሊድ ካለው አር የሚበልጥ መሆን ይኖርበታል። ጥልቀቱን ሳይሆን ስፋቱን ይዩ፤ ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም።

*ኤሱ ከሌለ፦* በቪ1 ያዩት ነገር ሌላ ስም አለው። ከሚከተሉት አንዱን ይፈልጉ።

- *ብሩጋዳ (ድንገተኛ ሞት ሊያስከትል የሚችል የልብ ኤሌክትሪክ ሕመም)፦* በቪ1 ወይም በቪ2 ኤስቲ (በኪውአርኤስና በቲ መካከል ያለው መስመር) 2 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ፣ ቁልቁል እየተንሸራተተ ወደ ታች በዞረ ቲ ያልቃል። በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነት ድንገት የሞተ ሰው እንዳለ ይጠይቁ፣ ራሱም ስቶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ወደ ልብ ሐኪም ይላኩ። ትኩሳት ካለበት ትኩሳቱን ወዲያው ያውርዱ።
- *የቀኝ ቬንትሪክል መወፈር፦* ኪውአርኤስ አይሰፋም፣ አቅጣጫው ወደ ቀኝ ይዞራል። በአገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም ያጠበበው ማይትራል ቫልቭ (በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው በር) ለዓመታት ሳይታከም ሲቆይ የሳንባ የደም ግፊት ስለሚጨምር፣ ይህን ቅርጽ በወጣት ሴቶች ላይ እንኳ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።
- *የልብ የኋላ ግድግዳ ጡንቻ ሞት፦* በቪ1 እና በቪ2 ረዥም አር፣ ዝቅ ያለ ኤስቲና ወደ ላይ የቆመ ቲ። ቪ7፣ ቪ8 እና ቪ9ን በጀርባ በኩል ያንሡ።
- *ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ፦* ፒአር (ከፒ መነሻ እስከ ኪውአርኤስ መነሻ ያለው ጊዜ) ከ120 ሚሊሰከንድ ያነሰ፣ የኪውአርኤስ መነሻ ደግሞ እንደ ዳገት የተንጋደደ። እዚህ የተበላሸው መነሻው ነው፤ በብሎኩ የተበላሸው መጨረሻው ነው። ልዩነቱን በዚህ ይያዙት።

ደረጃ 6፦ ኤስቲን እና ቲን ያንብቡ

በቪ1፣ በቪ2 እና አንዳንዴ በቪ3 ላይ ቲ ወደ ታች መዞሩና ኤስቲ ጥቂት ዝቅ ማለቱ ከብሎኩ ጋር የሚመጣ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ቲ ከኪውአርኤስ መጨረሻ በተቃራኒ ይቆማል። በቪ1 መጨረሻው ወደ ላይ ከሆነ ቲ ወደ ታች፤ በቪ6 መጨረሻው ወደ ታች ከሆነ ቲ ወደ ላይ።

ደንቡ ሲፈርስ ይጠንቀቁ። በቪ1 እስከ ቪ3 ዝቅ ማለት የነበረበት ኤስቲ ከፍ ካለ፣ ምክንያቱ ብሎኩ አይደለም። በግራ ቅርንጫፍ ብሎክ ጊዜ የልብ ጡንቻ ሞትን ማንበብ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው «ብሎክ አለ፣ ኤስቲ አይነበብም» የሚለውን ወደ ቀኙም ይወስደዋል። ይህ ስሕተት ሰው ይገድላል። በቀኝ ቅርንጫፍ ብሎክ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ስላልተነኩ ኪውም ኤስቲም ይነበባሉ። ወደ ቀኝ ቅርንጫፍ የሚሄደው ደም በአብዛኛው ከግራው የፊት ወራጅ ደም ሥር ስለሚመጣ፣ የደረት ሕመም፣ የኤስቲ ከፍታና አዲስ የቀኝ ቅርንጫፍ ብሎክ አብረው ከታዩ ጉዳቱ ሰፊ ነው ብለው ይነሡ።

ደረጃ 7፦ አቅጣጫውንና ፒአርን ይጨምሩ

አክሲስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ አቅጣጫ ሲወስኑ የኪውአርኤስን የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ይጠቀሙ። በሊድ 1 ያለውን ዘግይቶ የመጣ ኤስ ከቆጠሩት፣ አቅጣጫው በሐሰት ወደ ቀኝ የዞረ ይመስልዎታል።

1. የመጀመሪያው ክፍል በሊድ 1 ወደ ላይ፣ በሊድ 2 እና በኤቪኤፍ በአብዛኛው ወደ ታች ከሆነ፣ አቅጣጫው ወደ ግራ በጣም ዞሯል። ከቀኙ ጋር የግራው የፊት ንዑስ ቅርንጫፍም ተቋርጧል ማለት ነው።
2. የመጀመሪያው ክፍል በሊድ 1 ወደ ታች፣ በኤቪኤፍ ወደ ላይ ከሆነ፣ የኋላው ንዑስ ቅርንጫፍ መቋረጡን ያስቡ፤ ነገር ግን የቀኝ ቬንትሪክል መወፈርን አስቀድመው ያስወግዱ።
3. ፒአርን ይለኩ። ከ200 ሚሊሰከንድ ከበለጠ ይጻፉት።

ሁለት ቅርንጫፎች ተቋርጠው ፒአር ሲረዝም «የሦስቱም ቅርንጫፎች ብሎክ» ብለው አይጻፉ፤ የፒአር መርዘም ብዙ ጊዜ በላይኛዎቹና በታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ካለው ኖድ (የመልእክት መሻገሪያ) ስለሚመጣ ስያሜው ያሳስታል። ያዩትን በየስሙ መጻፍ ይሻላል። ቀኙና ግራው በተለያዩ ወረቀቶች ወይም በአንድ ወረቀት ላይ እየተፈራረቁ ከተቋረጡ ግን ታካሚውን ወደ ቤቱ አይስደዱ፤ መልእክቱ ጨርሶ ወደ ቬንትሪክሎቹ የማይደርስበት ሙሉ የልብ ብሎክ ሊከተል ስለሚችል ፔስሜከር (ልብ እንዲመታ የሚያደርግ መሣሪያ) ያስፈልገዋል።

ደረጃ 8፦ አስቸኳይ መሆኑን ይወስኑ

ወረቀቱን ያስቀምጡና ወደ ታካሚው ይመለሱ። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፦ ብሎኩ አዲስ ነው ወይስ የቆየ? ታካሚውስ ምን ይሰማዋል?

*ወዲያውኑ እርምጃ የሚወሰድባቸው፦*

- የደረት ሕመም ካለ፦ እንደ ልብ ጡንቻ ሞት ይያዙት፤ ኢሲጂውን በአጭር ጊዜ ልዩነት ይድገሙ።
- ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ፈጣን ምትና ዝቅተኛ ኦክስጅን ካለ፣ በተለይ ከወሊድ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከረዥም መተኛት በኋላ፦ በሳንባ የደም ሥር የገባ የረጋ ደምን ያስቡ። በሊድ 1 ኤስ፣ በሊድ 3 ኪው እና የዞረ ቲ መኖሩ ጥርጣሬውን ያጠነክራል፤ አለመኖሩ ግን አያስወግደውም።
- ሕሊና መሳት ካለና ከብሎኩ ጋር አቅጣጫው ከዞረ ወይም ፒአር ከረዘመ፦ በሞኒተር ሥር ያስተኙና ወደ ልብ ሐኪም ይላኩ። በካቴተር በሚደረግ ምርመራ ከሂስ እስከ ቬንትሪክል ያለው ጊዜ 70 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፔስሜከር ይመከራል።

*ቀጠሮ የሚሰጥባቸው፦* ምንም ሕመም የሌለበት ሰው ላይ ለሌላ ጉዳይ በተነሣ ኢሲጂ የተገኘ ብሎክ ሕክምና አያስፈልገውም፤ መመርመር ግን ያስፈልገዋል። የደም ግፊቱን ይለኩ፣ ልቡን ያዳምጡ። ሁለተኛው የልብ ድምፅ በሰፊው መከፈሉ ከብሎኩ ጋር የተለመደ ነው። ክፍተቱ አየር ሲያስገባም ሲያስወጣም እኩል ሆኖ ከጸና ግን በላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ሊኖር ስለሚችል የልብ አልትራሳውንድ ያዙለት። የሳንባ ሕመም ካለበት፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ወይም እግሩ የሚያብጥ ከሆነም እንዲሁ ያዙ።

ልብሱን አስወልቀው ደረቱን ሳያዩ አይጨርሱ። በልጅነቱ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከልም ይሁን ውጭ አገር፣ በፍርምባው ላይ ጠባሳ ይኖረዋል፤ ከቬንትሪክል ቀዳዳ ወይም ፋሎት ቴትራሎጂ ከሚባለው አብሮ የሚወለድ የልብ ጉድለት ጥገና በኋላ የቀኝ ቅርንጫፍ ብሎክ የሚጠበቅ ነው። የፋሎት ጥገና በተደረገለት ሰው ኪውአርኤስ 180 ሚሊሰከንድ ከደረሰ ግን የአደገኛ ምት ስጋት ስላለ የልብ ሐኪሙ ሳይቆይ ይወቀው።

ደረጃ 9፦ ለታካሚው በትክክል ይንገሩ

«ብሎክ» የሚለውን ቃል «መዘጋት» ብለው ብቻውን አይተርጉሙ። ሰሚው የሚያስበው የደም ሥርን ነው፤ አንዳንዱም መንገድ ላይ ሊወድቅ እንደሆነ ይሰማዋል። አንድ አረጋዊት ሕመም ሳይኖርባቸው ከተገኘባቸው እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«እማማ፣ ልብዎ እንዲመታ ትእዛዝ የሚያደርሱ ሁለት መስመሮች አሉ። የቀኙ መስመር ስለማያስተላልፍ መልእክቱ በግራው ዞሮ ይደርሳል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ይህ የደም ሥር መዘጋት አይደለም። ለዚህ የሚዋጥ መድኃኒት የለውም፣ አያስፈልግዎትምም። የግፊት መድኃኒትዎን ግን እንዳያቋርጡ።»

ቀጥለው የሚመለሱበትን ምልክት ይንገሩ፦ ራስን መሳት ወይም ለመሳት መድረስ፣ የደረት ሕመም፣ አዲስ የትንፋሽ ማጠር፣ ደረጃ ሲወጡ ያልነበረ ድካም። ከቤተሰብ አብሮ የመጣ ሰው ካለ ይህንኑ ለእሱም ይድገሙለት።

በመጨረሻም የኢሲጂውን ቅጂ ይስጧቸው። ሙቀት የሚያትመው ወረቀት ከጊዜ በኋላ ስለሚደበዝዝ፣ በልጃቸው ስልክ ፎቶ እንዲያነሡት ያድርጉ፤ ቀኑም በፎቶው ውስጥ እንዲታይ። ሌላ ጊዜ ደረታቸውን አሟቸው ሌላ ጤና ተቋም ቢሄዱ፣ እዚያ ያለው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አዲስ ነው ወይስ የቆየ?» ብሎ ነው፤ መልሱ ያ ፎቶ ነው።